የፋሎች ሣጥን

የራሴ አለቃ ነኝ እያልኩ ስፎክር ሦስት ዓመት አለፈኝ። ከመንግሥት መዝገብ ቤት ወጥቼ፣ ካሜራዬን አንግቤ፣ የባሕር ዳር ሰፈራችንን የጌት ንዳርን ዓሣ አጥማጆች የቤተሰብ ወረቀት ባሕሩ ሳይበላው ፎቶ አነሳለሁ። የጋብቻ ውል በሉት፣ የጀልባ ፈቃድ በሉት፣ ምን የሌለ አለ! አለቃ የለኝም ማለት ግን እረፍት የለኝም ማለት ነው፤ ደንበኛ ከጠራ እሮጣለሁ፣ የራሴ ጉዳይ ለነገ ይቆያል።

የራሴ ጉዳይ አማቴ አልጋ ሥር ነበር። ባሌ ማሳምባ ባሕር ላይ ከመሞቱ በፊት፣ ማዕበሉ ከእናቱ አጥር ምን ያህል እንደራቀ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በደብተር ጽፏል። ደብተሩ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው። በልጅነቴ ከዚያ አጥር ወዲያ ሁለት ረድፍ ቤት ነበር። ባለሙያዎች መጥተው የአየር ንብረት ለውጥ አሉት፣ ለክተው ሄዱ። ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ ውሃ ነው።

ሐሙስ ዕለት ስሄድ አማቴ እማማ ንጎኔ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዓሣ ያጸዳሉ።

«እማማ፣ ሣጥኑን ይስጡኝ። እርስዎም እኔ ጋ ይምጡ፤ ይሄ ቤት አይበጅም» አልኳቸው።

«ኧረ ጉድ! የጌይ ልጅ የፋልን ንብረት ልትዘርፍ መጣች! ሂጂ ሩዝሽን ብዪ፣ ሆዳም!»

ሴቶቹ አውካኩ። እሳቸው በቤተሰብ ስም ፋል ናቸው፣ እኔ ጌይ፤ በእኛ አገር የሁለቱ ስም ሰዎች ሲገናኙ ለቀልድ መሰዳደብ ወግ ነው፣ የተቆጣ ተሸነፈ። የምሬን ነው ማለት ነበረብኝ። ይቺ ምላሴ ግን መች አርፋ!

«ይቅርብኝ! ባሕሩ ይውሰደው! የፋል ዕቃ እንደሁ ባሕሩም ቀምሶ ይተፋዋል!»

ሳቁ ሰፈሩን ነቀነቀው። አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ደንበኛ ደወለልኝ፣ ሣጥኑን ረሳሁት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማዕበሉ ቤቱን ከነአልጋው ጠረገው። እማማን ጎረቤት ጎትቶ አወጣቸው፤ ሣጥኑ ቀረ።

መጠለያ ድንኳን ውስጥ የሰው ልብስ ለብሰው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

«ምነው ልጄ? ቤት ነው፣ ይሂድ» አሉኝ። «ሣጥኑንም የከለከልኩሽ አጠገቤ ይሁን ብዬ ነው። የሰፈሩን ወረቀት ሁሉ ፎቶ ያነሳሽ ልጅ፣ የባልሽን ደብተር ሳታነሺ ትቀሪያለሽ? ገና ድሮ አንስተሽዋል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ቤት ስገባ ስወጣ፣ የራሴ ነው፣ የትም አይሄድም እያልኩ ደብተሩን ፎቶ አላነሳሁትም።

«በይ አሳዪኝ፤ የልጄን የእጅ ጽሑፍ ልየው።»

ካሜራው አንገቴ ላይ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ እሱ ውስጥ አለ።

«እማማ፣ የለኝም» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና ሳቁ።

«አይ የጌይ ልጅ! ዛሬም ትቀልጃለሽ?» ብለው እጃቸውን ወደ ካሜራው ዘረጉ።