የቴንስታው ዘፋኝ ቤኒ ሳላስ

ተዋበች ሰውየውን ለሁለት ዓመት ያህል የምታውቃቸው በቁልፍ ያዥነታቸው ብቻ ነበር። በስቶክሆልም ዳርቻ፣ ቴንስታ ያለው የስዊድኖች ቤተ ክርስቲያን እሑድ ከሰዓት አዳራሹን ለኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ይሰጣል፤ ቤኒ ሳላስ ደግሞ የቤቱ ቫክትሜስታሬ፣ ማለትም ተቆጣጣሪ ናቸው። በር ይከፍታሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ማሞቂያውን ያያሉ። ስድሳ አልፏቸዋል፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። በስዊድንኛ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው፤ ተዋበች ግን በሆዷ «እርስዎ» እያለች ነበር የምታናግራቸው።

በፈረንጆቹ 1995፣ በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ በረዶው ግማሾቹን መዘምራን ከቤት አስቀራቸው። ተዋበች ብቻዋን የምትመራውን መዝሙር ስትለማመድ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፅዋ ሦስቴ ተሰበረ። ቤኒ መሰላል ላይ ሆነው አምፖል ይቀይሩ ነበር። ወርደው ይቅርታ ጠየቁና፣ ትንፋሽ የምትወስጂው ካለቀብሽ በኋላ ነው፣ ሳያልቅብሽ ውሰጂ አሏት። ከዚያ ያንኑ ዜማ ያለ ቃል አዜሙላት። ተዋበች መዝፈን የት እንደተማሩ ጠየቀቻቸው።

ታሪካቸውን የነገሯት ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች፣ በቁርጥራጭ ነው። የተወለዱት ፖርቶ ሪኮ ነው። በስድስት ዓመታቸው እናታቸው ኒው ዮርክ ወሰዷቸው፤ ከፍ ሲሉ ቀን የባርኔጣ ፋብሪካ ውስጥ እየሠሩ፣ ማታ ማታ ከሰፈሩ ጥቁር ልጆች ጋር ደረጃ ላይ ተቀምጠው እየዘፈኑ አደጉ። የእነሱ ከበሮና የጥቁሮቹ አዘፋፈን ተደባልቆ ላቲን ሶል የተባለው ሲመጣ፣ በ1967 አንድ ሸክላ አስቀረጹ። ኩባንያው ሽፋኑ ላይ የአንዲት ዳንሰኛ ፎቶ ለጠፈ፤ ስማቸውንም አሳስቶ ጻፈው። አንዱ ዘፈን አንድ በጋ ሙሉ በሬዲዮ ተሰማ። በሚቀጥለው በጋ ፋሽኑ ተቀየረ፣ ኩባንያውም ተዘጋ። በ1973 የሌላ ሰው አጃቢ ሆነው ስቶክሆልም መጡ፤ ባንዱ እዚሁ ተበተነ። ኢንግሪድ የምትባል ነርስ አገቡና ቀሩ። እሷ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል።

«መዝፈን ለምን ተዉ?» አለቻቸው።

«አልተውኩም፤ የሚጠይቀኝ ጠፋ» አሉ፣ ቅር ያላቸው ሳይመስሉ።

ጠያቂ የመጣው በ1996 መኸር ነው። ሶደርማልም በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር አሮጌ ሸክላ የሚሸጥ አንድ ስዊድናዊ ትክክለኛ ስማቸውን አጣርቶ ከስልክ ማውጫ አገኛቸውና፣ በአንድ ትንሽ የባህል አዳራሽ እንዲዘፍኑ ለመናቸው። ቤኒ እሺ አሉ፤ ግን ከኋላ ሆኖ የሚቀበላቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ተዋበችን ጠየቋት።

ይህ ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ዘፈን አንድ ጉሮሮ አይጋሩም። ባሏ ባዩ በከተማው የምድር ውስጥ ባቡር የሰማያዊው መስመር ነጂ ነው፤ ነገር አያበዛም። እራት ላይ ስትነግረው ሹካውን አስቀመጠ።

«ዘፈን መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ እኔ አድርሼሽ እመጣለሁ» አለና እራቱን ቀጠለ።

አዳራሹ ስድሳ ሰው ያህል ይዞ ነበር። ቤኒ ግራጫ ኮት ለብሰው ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ጥሩ ሄዱ። ሦስተኛው ያ በሬዲዮ የተሰማው ነበር። ሁለተኛውን አንጓ ሊጀምሩ ሲሉ ግጥሙ ጠፋባቸው፤ ከንፈራቸው ተከፍቶ ቀረ። ከበሮው ይመታል፣ ሰውም ይጠብቃል። ተዋበች አዝማቹን ደገመችው። አሁንም ደገመችው፤ በሦስተኛው ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ራመድ ብላ አጠገባቸው ቆመች። ቤኒ ዞረው አዩዋት፣ ሳያልቅባቸው ትንፋሽ ወሰዱ፤ አንጓውንም ከነሙሉ ቃሉ አወጡት። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ግጥሙ ጠፍቶባቸው እንደነበር ያወቀም ያለ አይመስልም።

በማግስቱ እሑድ ተዋበች ማንም ሳይነግርባት ራሷ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። የጉባኤው መሪ ጋሽ ንጋቱ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት።

«ተጸጽተሻል፣ ልጄ?»

«ሳልነግራችሁ በመሄዴ፣ አዎ። እርሳቸውን በማገዜ ግን አልተጸጸትኩም፣ ጋሼ።»

ሦስት ወር ከመዘምራን አገልግሎት ታገደች። ከፋት፤ አንዳንዶቹ እህቶች ሰላምታቸውን ሲያሳጥሩባት ደግሞ የበለጠ ከፋት። ቢሆንም አንድም እሑድ አልቀረችም። ጊዜዋን ስትጨርስ ጋሽ ንጋቱ ራሳቸው ስሟን ጠርተው ወደ ቦታዋ መለሷት።

ቤኒ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጊዜ ዘፈኑ። ሸክላ ሻጩም የድሮ ሥራቸውን በትክክለኛ ስማቸውና በገዛ ፎቷቸው አሳተመው። በ1998 ጡረታ ወጡና ፖርቶ ሪኮ ወዳለችው እህታቸው ለመሄድ ተነሡ። በስንብታቸው እሑድ አንድ መዝሙር ልዘምር ብለው ፈቃድ ጠየቁ። የተዋበች ልጅ ርብቃ፣ አማርኛ ሲናገሯት በስዊድንኛ የምትመልሰው፣ ቃሉን በላቲን ፊደል ጽፋ ስታስጠናቸው ሰንብታ ነበር። ጋሽ ንጋቱ ማይክሮፎኑን አቀበሏቸው። «ጸጋ» የሚለውን «ሳጋ» እያሉ እስከ መጨረሻው ዘመሩት፤ ሕፃናቱ ሳቁ፣ ትልልቆቹም አብረዋቸው ሳቁና ተቀበሏቸው።