አልወርድ ያለው ኪሎ

ድንቡሼ መክሳት ነበረባት። ለቁንጅና ቢሆን ኖሮ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረው ነበር! ቀሚስ ጠበበኝ ያለች ሴት ቀሚሷን ታሰፋለች፣ በቃ። የድንቡሼ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው፣ ደሙ በማሽን እየታጠበ ነው የሚኖረው። ቤተሰቡ ሲመረመር እናትየው ስኳር ስላለባት ገና ከበሩ ተመለሰች፤ የድንቡሼ ኩላሊት ግን ለወንድሟ ልክ ሆኖ ተገኘ። እልል ሊባል ሲል ሐኪሟ ሚዛን ላይ አወጣቻት።

«በዚህ ክብደት ለቀዶ ጥገና አላስገባሽም» አለች ሐኪሟ። «ማደንዘዣው ራሱ ላንቺ አደጋ ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሺና ነይ።»

እንግዲህ ሰው ኩላሊቴን ውሰዱ ብሎ በገዛ እግሩ ሲቀርብ፣ መጀመሪያ ቦርጭህን አራግፍ ሲባል ምን ይላል? ድንቡሼ ሳቀች። ምን አላት አሥራ ሁለት ኪሎ! በየጠዋቱ ከዚያ የሚበልጥ የዱቄት ከረጢት ብብቷ ሥር ወሽቃ ደረጃ የምትወጣ ሴት ናት። የራስን ሥጋ ማውረድ ዱቄት እንደማውረድ መስሏት ነበር፣ የዋህ!

ሥራዋ ኬክ ቤት ነው። ደንበኛው የሚያየው በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረውን ነው፤ እሷ የምትውለው ከኋላ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ በምድጃውና በክሬም መምቻው መሃል ነው። እዚያ ክፍል ግድግዳው ራሱ ቅቤ ጠጥቷል። ሌላው ሠራተኛ በሚዛን ይሠራል፣ ድንቡሼ በምላሷ ትሠራለች። ትንሿን ጣቷን ክሬሙ ውስጥ ነከር፣ ወደ አፏ፣ «ስኳር አነሰው»፤ እንደገና ነከር፣ ወደ አፏ፣ «አሁን ገና ሰው ሆነ!» እንዲህ ስትል ይመሻል።

ቤት ውስጥ ሁሉም የየድርሻውን ያዘ። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ እናትና ልጅን አስጠርታ፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው። የሳህኑ ግማሽ አትክልት ይሁን፣ ቅባት ይቅር፣ ወተቱ ስቡ የወጣለት ይሁን፣ ምግብ አይዘለል፣ በእግር መሄድ አይረሳ። እናትየው እያንዳንዷን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ የምግቡን ነገር ለኔ ተይው» አለች። «እኔ እያለሁልሽ!»

ከዚያ ወዲያ የድንቡሼ ድስት ለብቻው ይጣድ ጀመር። ጠዋት አጃ በወተት፣ ለምሳ በዕቃ የተቋጠረ ካሮትና ጥቅል ጎመን፣ ማታ የአትክልት ሾርባ። የወንድሟ ድስት ደግሞ ጨው ስለተከለከለ እሱም ለብቻው ነው። ምስኪን እናት፣ ለሁለት ልጆች ሁለት ድስት ስትጥድና ስታወጣ ትውላለች።

ወንድምየው አሠልጣኝ ሆነ። ከመታመሙ በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበርና ፊሽካውን ከመሳቢያ አወጣ። ከማሽኑ በሚያርፍበት ቀን፣ የፎቁ ደረጃ አናት ላይ ወንበር አስወጥቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ድንቡሼ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እያለከለከች ትመላለሳለች።

«ጉልበት ወደ ላይ! ይሄ ሩጫ ነው ወይስ ለቅሶ መሄድ?» ይላታል።

«ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ ጩጬ!»

«ነፍስሽ ትውጣ፣ ኩላሊቴን ብቻ አደራ! ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳታስደነግጪው!»

ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ይስቃል። እሱም ይስቃል፣ ከዚያ ሳሉ ይነሳበትና ፊቱን ያዞራል።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ኪሎ ወረደ። የዚያን ዕለት ቤቱ ተጨፈረበት ማለት ይቻላል። ከዚያ ኪሎው ቆመ። ከዚያ፣ ጉድ በሉ፣ ጨመረ! ድንቡሼ አውቶቡስ ትታ በእግሯ መመላለስ ጀመረች፤ ጨመረ። ማታ ዳቦ የሚባል ነገር እርም አለች፤ ያው ነው። መንገድ ላይ በረሃብ ዓይኗ ይጨልማል፣ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ግን ጠግባ እንዳደረች ሴት ይመሰክርባታል። ሆዷን እየመታች «ምን አድርጌህ ነው?» ትለው ነበር፣ ለብቻዋ ስትሆን።

«አይዞሽ፣ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ይከብዳል» ይላታል ወንድሟ፣ አስተማሪ አይደል! የሚከሳው ግን እሱ ነበር። እሷ የምትለምነውን ክሳት ሁሉ እግዜር ለሱ ይሰጠዋል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ሆኗል።

በመጨረሻ ጥፋተኛውን አገኘሁ አለች፤ ጣቷን። ከዚህች ከምትልሳት ጣት በቀር ሌላ የሚያወፍራት ነገር የለም። ዳግመኛ ክሬም ብቀምስ ብላ ማለች። ሥራ ቦታ አፏን በጨርቅ አስራ ስትገባ ባልደረቦቿ ሳቁ፣ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ሳትቀምስ ዋለች፣ ሳትቀምስ ሰነበተች።

ሳትቀምስ ስትሠራ ታዲያ ምን ይሆናል? የስኳሩና የጨው ባልዲ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ምላሷ ስላለ ማንም ምልክት ሊያደርግባቸው አላሰበም። አንድ ቀን ትልቅ የልደት ኬክ ወጣ፣ አበባው ያማረ፣ ጽሑፉ የጠራ። አመሻሹ ላይ የልጁ አባት ኬኩን ተሸክሞ ተመለሰ። የኬክ ቤቱ ባለቤት በማንኪያ ጫፍ ቀመሰና ወዲያው እንቅ አለው። ጨው ነው፣ ንጹሕ ጨው!

ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፣ አልጮኸባትም። «አንቺ ካልቀመስሽ እኔ ሱቁን ልዝጋው?» አላት። «ልብሽ እዚህ የለም፣ እህቴ። ሂጂ፣ ጥቂት ቀን ዕረፊ። ልብሽ ሲመለስ ነይ።»

እሷም ቤቷ ገባች። በዚያው ሳምንት የሐኪሟ ቀጠሮ ደረሰ። ጫማዋን፣ ሹራቧን፣ የጆሮ ጌጧን ሳይቀር አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች። አሁንም ጨምራለች።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ትበያለሽ?»

«እንኳን ልበላ መቅመስ ትቻለሁ፣ ዶክተር!»

ሐኪሟ ይህንን ከስንቱ ሰው እንደሰማችው ከፊቷ ይታወቃል። ከዚያ በቀስታ፣ የቀዶ ጥገናው ቡድን ከዚህ በላይ ሊጠብቅ እንደማይችል፣ የድንቡሼን ጉዳይ እንደዘጉት ነገረቻት። የወንድሟ ደም ሥር ማሽኑን መቀበል እያቃተው ነው። ሌላ ሰጪ ከተገኘ ይታያል። ካልተገኘ፣ አለችና አልጨረሰችውም።

ድንቡሼ ወደ ቤት የሄደችበትን መንገድ አላየችውም። በሩን ስትከፍት ቅቤ ሸተታት።

መጀመሪያ የሥራ ልብሷ መሰላት። ነገር ግን የሥራ ልብሷን ካወለቀች ሰንብታለች። ቅቤ ለኔና ለእናንተ ሽታ አለው፤ ለድንቡሼ ግን ስትተነፍሰው የኖረችው አየር ነበር፣ ቢሸታትም አይታወቃትም፤ ክሬም የለመደ ምላሷም በሾርባዋ ውስጥ ለይቶት አያውቅም። ከዚያ መስኮት አልባ ክፍል ወጥታ ጥቂት ቀን ስትሰነብት አፍንጫዋ ተከፈተ። ሽታውን ተከትላ ማድ ቤት ገባች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ በድንቡሼ ድስት፣ በአትክልት ሾርባው ውስጥ፣ ቅቤ በጭልፋ እየጨመረች ታማስላለች። ስቡ የወጣለት የተባለው ወተት ጠርሙስም ተከፍቶ፣ ከላዩ ክሬም ተንቆርቁሮበት ነበር።

«እማዬ!»

ጭልፋው ከእናትየው እጅ ወደቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እናትየው ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም፤ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ አለች። «አንዱን እግዜር እየወሰደብኝ ነው» አለች። «ለምኜ ለምኜ ደክሞኛል። አንቺ ደህና ነሽ። ደህናዋን ልጄን ሂጂና ተቀደጂ ልበላት?»

«የሚሞተው እሱ ነው'ኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን ልበልሽ? ሂጂ ለማለት አልቻልኩም። አትሂጂ እንዳልል በየትኛው ዓይኔ ልየው? አፌ ዝም አለ፣ እጄ ግን አደረገው።» የድንቡሼን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። «እሱን ብቻ አትንገሪው። እናቴ ተወችኝ ብሎ እንዳይሞትብኝ። በሞቴ፣ ልጄ!»

ሌላ ሰው ቢሆን በስድብ ታጥበው ነበር። ይህቺን ግን ምን ታድርጋት? ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጭልፋ አነሳች።

«ድንቡሼ! መጣሽ እንዴ?» አለ ወንድሟ ከመኝታ ቤት።

ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። ፂሙን ተላጭቶ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ የምሥራች ሊሰማ። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ስንት ሆነ?»

«ጨምሬያለሁ» አለች። «ዘግተውታል፣ ጩጬ።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። «እንዴት ይጨምራል? እኔው አይደለሁ የማሮጥሽ! ሚዛናቸው ነው የተበላሸው።» ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ፣ እንደ አስተማሪ ማሰብ ጀመረ። «ቆይ እስቲ፤ የምትበይው እማዬ የምትሰጥሽን ብቻ ነው?»

እናትየው ሁለት ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ድንቡሼ እናቷን አየች፣ ወንድሟን አየች። «የእማዬማ ሾርባ ነው፤ እሷ ምን ታድርግ» አለች። «እኔ ነኝ። ሥራ ቦታ እበላ ነበር።»

«ምን?»

«ኬክ።»

«ትቀምሺ ነበር ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። እበላ ነበር።»

ቢጮህባት በወደደች። ሳህኑን ቢወረውርባት በወደደች። እሱ ግን ልክ እንዳልገባው ሕፃን ዓይን ዓይኗን አያት።

«ለኔ ስትይ ኬክ መተው አቃተሽ?» አለ።

ድንቡሼ እናቷ አንድ ቃል ትናገር እንደሆን ጠበቀች፤ አንዲት ቃል። እናትየው ጨው አልባውን በወንድምየው ፊት አስቀመጠች፣ ሾርባውን በድንቡሼ ፊት አስቀመጠች።

«ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ወንድምየው ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳ። ግድግዳውን ይዞ፣ አንድ አንድ እርምጃ እያለ፣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በሩን ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

እናትየው ሾርባውን ወደ ልጇ አስጠጋችው። ጉንጯ ላይ እንባ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። «አንቺ እንኳን ብይልኝ» አለቻት።

ድንቡሼ ማንኪያውን አነሳችና በላች።