የተሸናፊዋ መብት

ቨርና ስታውፈር ያን ቀን የመጣችው ለመሸነፍ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። የሟች ባሏን አረንጓዴ ፖንቲያክ መኪና ከተጎታቹ አወረደች፣ ጎማዎቹን በእግሯ መታ መታ አደረገች፣ የሞተሩን ካንዴላዎች አንድ በአንድ አውጥታ አየች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የሚያያት ሰው ባሏን ለማስታወስ የምትነዳ መበለት ትመስለዋለች። ይምሰለው ብላ ትታዋለች።

በዚህ በደቡብ ኦሃዮ ሜዳ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የሚካሄደው በቆሎው ሊታጨድ ሲል ነው። መኪኖቹ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከፋብሪካ እንደወጡ ያሉ ናቸው። ሁለት ሁለት እየሆኑ ቀጥ ባለ አስፋልት ሩብ ማይል ይሮጣሉ። የቀደመ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል፣ የተቀደመ ዕቃውን ይሰበስባል። ሞተር ውስጥ የተለወጠ ነገር መኖር የለበትም። የጠረጠረ ሰው የሌላውን ሞተር ማስፈታት ይችላል፤ ግን ጠያቂው በዚያው ዙር በዚያው መኪና የተሸነፈ መሆን አለበት። ጥርጣሬው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ሜዳውን ዳግም አይረግጥም። ስለዚህ ደፍሮ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ቨርና ከአንዱ ተወዳዳሪ፣ ከሮይስ ሃለር ጋር ለመግጠም አራት ዓመት ጠብቃለች።

ከአራት ዓመት በፊት ኦሪን፣ ባሏ፣ ሳንባውን ታሞ ሐኪሙ ከሥራ ከልክሎት ነበር። ሮይስ የመወዳደሪያ መኪናውን፣ የካማሮውን፣ ሞተር ጭኖ የመጣው ያኔ ነው። «አንተ ካልሠራኸው ማን ይሠራዋል ወንድሜ? ሲያልቅ መጀመሪያ የምትነዳው አንተ ነህ። ቃሌ ነው» አለው። ኦሪን ክረምቱን ሙሉ ቅዝቃዜ በሰረሰረው ጋራዥ ውስጥ ዋለ። ፒስተኖቹን የሚያመላልሰውን ዘንግ አውጥቶ፣ የሌላ ትልቅ ሞተር ዘንግ ሞርዶ አስገባበት። ፒስተኖቹ መውረድ ከሚገባቸው ሩብ ኢንች አልፈው ይወርዳሉ። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። ክልክል መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ቨርናም ታውቅ ነበር። መብራቱን የያዘችለት እሷ ነበረች።

በረዶው ሲቀልጥ ኦሪን ጃኬቱን ለብሶ ሦስት ቅዳሜ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሮይስ አልመጣም። በአራተኛው ቅዳሜ ኦሪን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሮይስ እዚሁ ሜዳ ላይ በካማሮው አሸነፈ፤ ላገኘው ሰው ሁሉ «ከእኔ እጅ በቀር የነካው የለም» ሲል ዋለ። ኦሪን ስለ መኪናው የጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ድምፁ እንዴት ነው?» አለ። ቨርና ገና አልሰማችውም ነበር። የተቀበረውም ቅዳሜ ቀን ነበር። ሮይስ ውድድር ነበረበት።

ዛሬ ሁለቱም እያሸነፉ መጥተው ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። በምሳ ሰዓት ሮይስ ቋሊማ በዳቦ እየገመጠ መጣ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከትለውታል።

«እሜቴ ቨርና! የባልሽ ድስት ዛሬ ሞቅ ብሎለታል እኮ!» አለ ፖንቲያኩን እያየ።

«ይንተከተካል» አለች።

«አይዞሽ፣ መንገድ አይጠፋሽም። የኋላ መብራቴን እያየሽ ትመጫለሽ።»

«አንዱ አይበራም ሮይስ። ቀኙ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሮይስም ሳቀ፤ ከዚያ እስኪሄዱለት ጠብቆ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ጠዋት ሙሉ ዓይንሽ ኮፈኔ ላይ ነው የዋለው። አውቄብሻለሁ። ግን አታደርጊውም። ያ ሞተር ቢፈታ የሚዋረደው ኦሪን ነው። ስሙ ከሰሌዳው ይፋቃል።»

ሰሌዳው በክበቡ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። የየዓመቱ አሸናፊ ይጻፍበታል፤ የኦሪን ስም አምስት ቦታ አለ። ሲያጭበረብር የተገኘ፣ ነጂም ይሁን ሠሪ፣ ስሙ ለዘለዓለም ይፋቃል። ከኦሪን የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሮይስ አራት ዓመት ሙሉ ተኝቶ ያደረው ይህን ተማምኖ ነው።

«ጢምህ ላይ ሰናፍጭ አለ» አለችው ቨርና።

ከምሳ በኋላ መስመሩ ላይ ቆሙ። ቢጫዎቹ መብራቶች ተራ በተራ በሩ፣ አረንጓዴው ተከተለ። ሮይስ ነዳጁን አብዝቶ ሰጠውና የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ዞሩ፤ ካማሮው በራሱ ጭስ ተሸፈነ። ፖንቲያኩ ግን አስፋልቱን ያዘና ወጣ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። ከጎኗ ማንም የለም። ሦስተኛ። ማንም የለም።

ይህን አላሰበችውም ነበር። ይቀድመኛል ብላ ነው የመጣችው። አሁን እግሯን ካላነሳች የኦሪን መኪና በንጹሕ ሞተር ሊያሸንፍ ነው፤ የእሷ ስም ከባሏ ስም ሥር ሊጻፍ ነው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ፈለገችው። ግን ካሸነፈችው ሞተሩን ማስፈታት አትችልም፤ ሮይስም ወደ ቤቱ ገብቶ እግሩን ይዘረጋል።

እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። ካማሮው እየጮኸ አለፋት። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ ሰማችው። ያምር ነበር።

ከመኪናዋ ወርዳ በቀጥታ ወደ ሌስተር ሄደች። ሌስተር ዋናው ተቆጣጣሪ ነው፤ ከኦሪን ጋር አርባ ዓመት ዓሣ አጥምዷል።

«ሞተሩ ይፈታልኝ» አለች።

«ምኑን ጠርጥረሽ?»

«ፒስተኑ የሚወርድበትን ለካው።»

ሌስተር የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። «እኔም ጆሮ አለኝ ቨርና። ማን እንደሠራው መጀመሪያ የተነሳ ዕለት ነው ያወቅኩት። ዝም ያልኩት ለማን ብዬ ይመስልሻል?»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ይበቃኛል።»

ኮፈኑ ተነሳ። ሰው ተሰበሰበ። ሮይስ መጀመሪያ «ሴትዮዋን ፀሐይ መትቷታል» እያለ ይቀልድ ነበር። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲነሳ ቀልዱ ቆመ። ሌስተር መለኪያውን ወደ ሲሊንደሩ ሰደደ፤ ሞተሩን በእጁ አዙሮ አንድ ጊዜ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ሩብ ኢንች ያልፋል» አለ።

«እኔ አይደለሁም!» ሮይስ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ኦሪን ነው የሠራው! ይቺውና፣ ጠይቋት!»

ከኋላ አንድ ወፍራም ተወዳዳሪ፣ የፕሊመዝ መኪና ባለቤት፣ «ምነው ጌታው?» አለ። «ከእጄ በቀር የነካው የለም እያልክ ስትነግረን አልነበር? አራት ዓመት ሰማንህ እኮ፣ ጆሯችን ነው ያለቀው!»

ሳቁ ከአጥር እስከ አጥር ሄደ።

«ተናገሪያ!» አላት ሮይስ።

«እውነቱን ነው» አለች ቨርና። ሳቁ ተቋረጠ። «ኦሪን ነው የሠራው። ታሞ ነበር የሠራው። ይህ ሰው መጀመሪያ አንተ ትነዳዋለህ ብሎ ቃል ሰጥቶት፣ ጃኬቱን አስለብሶ መስኮት ሥር አስቀረው። መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሦስታችንንም ጻፍ ሌስተር።»

ሌስተር ጻፈ። የኦሪን ስም ላይ እጁ ዘገየ።

ሞተሩ የተፈታ መኪና በራሱ አይሄድም። በዚህ ሜዳ እንዲህ ሲሆን በቅርብ ያለ ሁሉ ሮጦ ይገፋል፤ የጠላቱንም ቢሆን ይገፋል። ዛሬ የቀረበ የለም። አንዱ ጎማውን ይለካ ጀመር፣ ሌላው ወንበሩን አጠፈ፣ ባለ ፕሊመዙ መስታወቱን ይወለውላል። ሮይስ በሩን ከፈተ፣ በአንድ እጁ መሪውን ያዘ፣ ትከሻውን ለካማሮው ሰጥቶ ብቻውን ይገፋ ጀመር። መኪናውን የሚጭንበት ተጎታች የቆመው ሣሩ ዳር፣ ዳገቱ ላይ ነው። ጥቂት ይገፋና ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ያርፋል። እንደገና ይገፋል።

ቨርና ወንበሯን ወደዚያ አዙራ ተቀመጠች።

ሌስተር መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «ስሙን ነገ እፍቀዋለሁ» አለ። «ዛሬ አልቻልኩም።»

«ነገ ፋቀው።»

«ነይ፣ ጥላው ሥር ግቢ። አየሽው እኮ። አልበቃሽም?»

ዳገቱ ላይ ድንጋዩ ተንሸራተተና ካማሮው ሮይስን እየገፋ ሦስት እርምጃ ወደኋላ መለሰው። ሮይስ ዞር ብሎ ሰዉን አየ። ማንም አላየውም፤ ከእሷ በቀር።

«ገና አልጫነም» አለች ቨርና።