ሰባ አራት ቃል ነው አሉኝ

እህቴ ጂቱ ወንጪ ሐይቅ ውስጥ ቀርታለች፤ መቃብር የላትም። ስሟ አንድ ቀን እንኳ በአዳራሽ፣ በሰው ፊት እንዲጠራ ፈለግሁ። አምቦ ውስጥ አንድ የንባብ ማኅበር የልብ ወለድ ውድድር አወጣ ሲሉ ሰማሁ። ልብ የወለደው ከሆነ የእኔን ያህል የወለደ የለም! እኔ ተናገርኩ፣ የድሮ ታይፒስቱ ኦቦ ገለታ ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተየበ።

የውድድሩ መዝጋቢ ለሊሳ ጽሑፋችን ያለበትን ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና፣ «አዴ፣ ይሄ ሰባ አራት ቃል ነው» አለኝ።

«ምን?»

«ከመቶ በታች ‹ብጣሽ› ይባላል፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አዳራሽ የሚነበበው ‹አጭር› ነው፤ እስከ ሺህ ቃል።»

«አምስት ገጽ ሙሉ ብጣሽ? ዓይንህን ታጠብና ቁጠር!»

«የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ነው።»

«እሱ አማርኛ ያውቃል?»

አብሮኝ የመጣውን ገለታን ላብ አጠመቀው። አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ጊዜ በታይፕ መኪና ያደገ ሰው ነው፤ በቃልና በቃል መሐል ሁለት ነጥብ ይጥላል እንጂ ክፍተት አይተውም። ማሽኑ ደግሞ ክፍተት ካላየ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ አንድ ቃል ይለዋል። ለሊሳ ይሄ የገባው እኔ ከጮህኩ በኋላ ነው። ነጥቦቹን በክፍተት ተካና እንደገና አስቆጠረ።

«ሺህ አሥራ ሁለት። አሁን ደግሞ በዛ፤ ይሄ ‹መካከለኛ› ነው። እሱም መድረክ የለውም።»

«ቅድም ብጣሽ፣ አሁን መካከለኛ! ትንሽ ብቆይ መጽሐፍ ቅዱስ ልትለው ነው?»

«አሥራ ሁለት ቃል ብቻ ይቀንሱ። ይሄ የጂቱ ፈረስ ነገር ለምሳሌ...»

«ፈረሷን አትንካ! ዱቄት መሰለህ የሚነፋ?»

«ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ አዴ።»

ጥርሴን ነከስኩ። «አንብብ» አልኩት ገለታን።

«እኔ ጠራኋት። እኔ ገመድ ወረወርኩ። እኔ ቆሜ አየሁ...»

«ይሄ እኔ፣ እኔ ምንድን ነው?»

«አንቺ ያልሽው ነዋ!»

«‹ጠራኋት› ካልኩ ማን ጠራት ሊሉ ነው? ጎረቤቴ? አውጣው!»

አሥራ አምስት «እኔ» ወጣ። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ቀረ። ከጂቱ ላይ አንዲት ቃል አልተነካችም።

ለሊሳ «አጭር» ብሎ መዘገበና፣ «የደራሲ ስም?» አለኝ።

«እሱም ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም።»

«እንግዲያው ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ከነቅድመ አያቴ ጻፍ። የጂቱም አባቶች ናቸው።»