የመደቡ እንግዶች

እናቴ ወለተሰንበት እንግዶቹን ማየት የጀመረችው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ ነው። ሦስት ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ሐኪም ቤት ቁስል አጥብና አሽግ ነበር፤ ከመናገሬ በፊት ማየት ስለ ለመድኩ እሷንም እንደዚያው ተከታተልኳት። ትኩሳት የላትም። እህል ትበላለች። የልደታን ቀን አትስትም፤ የእኔንም የባለቤቴን የታየችንም ስም አታሳስትም። እንግዶቹ የሚመጡት ሲመሻሽ ብቻ ነው። ኩራዙን ቀደም ብለን ያበራን ቀን ይዘገያሉ። መደቡ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አይናገሩም። እግራቸው ግን ደምቷል።

«ከዱር ነው የመጡት» ትላለች። ከዚያ ገበቴ አቅርባ፣ ለብ ያለ ውሃ ጨምራ፣ ነጠላዋን አሸርጣ ትንበረከክና የማላየውን እግር አንድ በአንድ ታጥባለች።

«እማዬ፣ ማንም የለም እኮ» እላታለሁ።

«ያን ሁሉ ዓመት ሐኪም ቤት ውለህ ዓይንህን ሳታስመረምር ወጣህ?»

እንዲህ በተከራከርናት ቀን እህል አትቀምስም። ታየች «ተዋት፣ የፈሰሰው ውሃ ብቻ ነው» ትለኛለች። እኔ የፈራሁት ውሃውን አልነበረም። አጥራችን ጭራሮ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። አርበኛ ያስጠጋ ሰው ይሰቀላል፣ ቤቱም ይቃጠላል።

ኅዳር ላይ አንድ ምሽት ሁለት ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር ገቡ። ወታደሮቹ ጓዳውንና የአልጋውን ሥር ፈተሹ። እናቴ ገበቴው አጠገብ እንደ ተንበረከከች ናት።

«እንግዶች እንዳሉ ተነግሮናል» አለ አስተርጓሚው፤ ያገራችን ሰው ነው።

«እናቴ ታማ ነው። የሌለ ሰው ይታያታል» አልኩት።

«ሁሉም እንዲህ ይላል።» ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። እንግዶቹ የት አሉ?»

አሉ ካለች አመለጡ ነው የሚባለው። እናቴ መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው።

«የምን እንግዳ?» አለች። «ማንም የለም።»

ሁለት ወር ሙሉ እንድትለው የለመንኳት ቃል ነበር።

«ታዲያ ውሃው ለማን ነው?»

«ለልጄ።» ወደ እኔ ዞረች። «ና ተቀመጥ እንጂ፣ በረደ እኮ።»

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ነከርኩ። አስተርጓሚው ፊቱን አልፈታም።

«ልጅ የእናቱን እግር ያጥባል እንጂ፣ እናት የልጇን ታጥባለች እንዴ?»

ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም። ወታደሮቹ አያውቁትም፤ እሱ ግን እዚሁ ያደገ ነው።

እናቴ ተረከዜን እያሸች «አንተን እናትህ አጥባህ አታውቅም?» አለችው። «ይኼን እግር ከመዳፌ ሲያንስ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንግዲህ ስንት ቀን ቀረኝ ብለህ ነው?»

ሰውየው ቀና አለ። ከዚያ ለወታደሮቹ በቋንቋቸው አጭር ነገር ነገራቸውና ወጡ።

ታየች በሩን ዘጋች። እናቴ እግሬን አደረቀችልኝ። ወደ መደቡ ዞራ «ሄደዋል፣ አትፍሩ። የለም ያልኩት ለእናንተው ብዬ ነው» አለች። አየቻቸውና ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ተቀየሙ መሰለኝ። ለእነሱ ያቀረብኩትን አንተ ታጠብክበት።»

የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተነሳሁና ወደ ባዶው መደብ እጅ ነሳሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቀደምኳችሁ» አልኩ።

እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ትከሻዋ ረገብ አለ።

«አልተቀየሙም» አለች። «ፊታቸው ፈታ ብሏል።»

ሌላ ውሃ ላሞቅ ወደ ጓዳ ገባሁ።