ከኅዳጉ የጎደለው

«የፈጣሪ ያለህ!»

ዶሪስ ሃቸል በፍርድ ቤቱ መጽሐፍ ቤት መሰላል ላይ ቆማ ብቻዋን ጮኸች። ማርቤሪ ከተማ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት በጥብቅና ስትሠራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የሰማት ሰው የለም፤ ሲሰድቧት እንኳ «አመሰግናለሁ ጌታዬ» የምትል ሴት ናት። ያን ማክሰኞ እኩለ ቀን ግን ጮኸች። ምን ታድርግ!

በእጇ የያዘችው በወረቀት የተሸፈነ ስስ መጽሐፍ ነው። ታሪክ የለው፣ ሥዕል የለው፤ የክስ ስምና ከየስሙ አጠገብ አንዳንድ መስመር ብቻ። እሷም ሌላው ሁሉ ስላለቀባት ነው ወደ ላይኛው መደርደሪያ የወጣችው እንጂ፣ ያን መጽሐፍ የሚነካው ሰው አልነበረም። አቧራው ራሱ ምስክር ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ልክ በስምንት ሰዓት፣ ደንበኛዋ ኦዜላ ብራንትሊ ከቤቷ ትውጣ አትውጣ ይወሰናል። ኦዜላ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሆሊስ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። በቴክሳስ ሕግ ባል ሲሞት ሚስቱን እስከ ዕለተ ሞቷ ከኖረችበት ቤት የሚነቀንቃት የለም፤ ራሷ ካልተወችው በቀር። የሆሊስ የፊተኛዋ ሚስት ልጆች ሙጭጭ ያሉት በዚህችው «ካልተወችው» ላይ ነው። ኦዜላ እህቷ ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበር ልታስታምማት ሄዳ ዘጠኝ ወር ቆየች። ድስቷን፣ ዶሮዎቿን፣ የክረምት ካፖርቷን ሳይቀር እዚያው አስቀምጣ! «ትታው ሄዳለች፣ ቤቱ የኛ ነው» አሉ። አያፍሩም እኮ።

ማፈሩ ቀርቶ ሕጉም ከነሱ ጋር ነበር። በ1957 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወሰነው፣ በተከራካሪዋ ስም የነን ጉዳይ የሚባል አለ፤ ከስድስት ወር በላይ ከቤቷ የራቀች ሴት ቤቷን እንደተወች ይቆጠራል፣ ልመለስ አስቤ ነበር ብትልም አትስሟት ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድን ውሳኔ ጅራቱን ቆርጦ መጥቀስ ነውር ነው። ጅራቱ፣ ተሸናፊው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያመለክት ያገኘው መልስ ነው። ጠቅላዩ «አልሰማም» ሲል ሁለት ዓይነት አልሰማም አለው። «አያስቀርብም» ብሎ ዝም ካለ፣ ውሳኔውን ከነቃሉ የራሱ አደረገው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቴክሳስ ዳኛ ሁሉ ሰጥ ለጥ ብሎ ይገዛለታል። «አያስቀርብም፤ ውጤቱን የሚለውጥ ስህተት የለም» ካለ ግን፣ ፍርዱ ይጽና፣ የተናገራችሁት ግን የእናንተ ነው፣ እኔን አታስገቡኝ እንደማለት ነው። በሁለቱ መካከል ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

የነን ጅራት ደረቅ «አያስቀርብም» እንደሆነ የማርቤሪ ጠበቃ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ዶሪስም ታውቀዋለች። ስሱ መጽሐፍ ደግሞ ምን ይላል? «ነን፦ አያስቀርብም፤ ውጤቱን የሚለውጥ ስህተት የለም።»

የውሳኔው ታሪክ ትዝ አላት፤ ያቺ የነን ሴትዮ ሌላ ከተማ ቤት ገዝታ ገብታ ነበር! በየትኛውም መንገድ መሸነፏ አይቀርም ነበር። ጠቅላዩ ያጸደቀው መሸነፏን ነው እንጂ የስድስት ወሩን ነገር አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ላልተባለ ሕግ ሲሰግድ ኖረ።

ዶሪስ ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ነን የታተመበትን ወፍራም መጽሐፍ ስባ አወጣችና ገጹን ከፍታ ኅዳጉን አየች። ውሳኔዎቹ የሚታተሙት የጠቅላዩ መልስ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ፣ መልሱ በሳምንታዊው ቀጭን መጽሔት ሲደርስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በየመጽሐፉ ኅዳግ ላይ በእጁ ይጽፈዋል። በማርቤሪ ፍርድ ቤት የሚጻፈው በቀይ ቀለም ነው። ነን አጠገብ በቀይ ቀለም «አያስቀርብም» ተብሏል። ከዚያ ነጥብ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሌላ አንድ መስመር በደንብ ያስጽፋል።

«የትኛው ደደብ ነው!» አለች ዶሪስ፣ እየሳቀች።

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። የመጀመሪያው ፊደል እግሩ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። እንደዚያ አድርጎ ፊደል የሚቆለምም ሰው በማርቤሪ አንድ ብቻ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ የዛሬ ጠዋት ማስታወሻዋን አወጣችና አጠገቡ አስቀመጠችው። ቁርጥ እሱ ነው።

በ1957 የሃያ ዓመት ልጅ ሆና እዚህ ሕንፃ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። አርብ አርብ ከሰዓት ኅዳግ መሙላት ሥራዋ ነበር። ለማስታወስ ታገለች። ያን አርብ የእግር ኳስ ጨዋታ ነበረ? የሚጠብቃት ልጅ ነበረ? ስልክ ጠርቶ አቋረጣት? ምንም የለም። ብታስታውሰው ቢያንስ የምትቆጭበት ነገር ይኖራት ነበር። አንድም ነገር ትዝ አላላትም።

ከዚያ ስህተቷ ማንን እንደጎዳ ፈለገች። ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚዘረዝረውን መጽሐፍ አወጣች። ዘጠኝ ውሳኔ ነንን ጠቅሷል፤ ዘጠኙም «አያስቀርብም» ይላሉ። የመጀመሪያው ጠበቃ ከኅዳጉ ገለበጠ፣ ዳኛው ከጠበቃው፣ ሌላው ዳኛ ከዳኛው። አንድም ሰው መሰላል አልወጣም። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ስሙን አነበበችው። ፒካርድ፣ 1964።

ዩና ፒካርድ። የኦዜላ እህት። ዳሌዋ የተሰበረው፣ ኦዜላ ዘጠኝ ወር ያስታመመቻት ዩና።

ዶሪስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀሚሷ አቧራ ነካ አልነካ ግድ አልሰጣትም።

ቢሮዋ ከአደባባዩ ማዶ ነው። ኦዜላ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ሳህን በጭኗ ይዛ አተር ትፈለፍላለች። እጅ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አትወድም።

«ምነው ልጄ፣ ዱቄት የተነፋብሽ መሰልሽ» አለቻት ቀና ብላ። «ተሸነፍን?»

«አልተሸነፍንም። የሚያሸንፈን ሳይሆን አይቀርም ብዬ የፈራሁት ነገር… ስህተት ነው። ቤቱ ይተርፋል ብዬ አስባለሁ።»

«አስባለሁ ነው ወይስ ይተርፋል? እኔ የጠበቃ አማርጠሽ ውሰጂ አልወድም።»

«ይተርፋል» አለች ዶሪስ።

ኦዜላ ሳህኑን ወለል ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች። «ዩና ታች መኪናው ውስጥ ናት። ነይ ግቢ ብላት እንቢ አለች። ፍርድ ቤቱን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ታስታውሻለሽ አይደል፣ የሷን ነገር?»

ዶሪስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ንገሩኝ።»

«ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል አሥራ አንድ ወር ተኛች። ድና ስትመጣ የባሏ ወንድሞች ቁልፉን ለውጠዋል። ዳኛው ቤትሽን ትተሻል አላት። ትተሻል! ሴትዮዋ ኦክስጅን ላይ ነበረች እኮ! ይኸው ሃያ ዓመት የሰው ጓሮ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቤት ቢኖራት ኖሮ ስትሰበር እኔ ጋ አመጣት ነበር እንጂ እኔ እሷ ጋ ለምን እሄድ ነበር? ያቺ ክፍል ባለቤትዋ ባዶ ካገኛት ለሌላ ያከራያታል። እሷን ጥዬ አልሄድም፣ እሷም ክፍሏን ጥላ አትመጣም። ዘጠኝ ወር የቆየሁት ለዚህ ነው።»

ዶሪስ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሰዓቱ ለስምንት አሥር ጉዳይ ነበር። «እንሂድ» አለች። ፈሪ መሆኗን ለራሷ አልደበቀችም።

የእንጀራ ልጆቹ ጠበቃ ክሌብ ፉልቸር ነው፤ አፈ ጮሌ፣ ሱሪውን በማንጠልጠያ የሚይዝ ሰውዬ። ነንን እንደ መዝሙር በቃሉ አወረደው። «አያስቀርብም፣ ክቡር ዳኛ! ነጥብ!» አለና ተቀመጠ።

ዶሪስ ስሱን መጽሐፍ ይዛ ተነሣች፤ ገጹን አነበበች። ክሌብ ከወንበሩ ተፈናጠረ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይሄ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው! ዘጠኝ ውሳኔ አንድ ቃል ሲናገር አንዲት የወረቀት ጥራዝ ትሻረው? የገዛ ፍርድ ቤታችን መጽሐፍ ምን ይላል? ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል! ያኔ ከመጽሔቱ ላይ በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው ነው የጻፈው።»

ዳኛ ዌልደን ስቶቫል መጽሐፉን አስመጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኅዳጉን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ዕድሜው ሰባ ሊሆን ነው።

«ሚስተር ፉልቸር ልክ ነው፤ የጻፈው ሰው ከመጽሔቱ ላይ አይቶ ነው» አለ። «ያ ሰው ማን እንደሆነ ባወቅን መልካም ነበር።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዳኛውም መጨረሻ ላይ ኦስቲን ወዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደውሎ ይጠይቅ ነበር ይሆናል። ይሆናል! የኦዜላን ቤት ግን ለይሆናል አትሰጥም።

«እኔ ነኝ» አለች ዶሪስ።

«ምን አልሽ?»

«የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው፣ ክቡር ዳኛ። በ1957 እዚህ ጸሐፊ ነበርኩ። ከፊሉን ጻፍኩ፣ ከፊሉን አልጻፍኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። መሐላ ይሰጠኝና እናገራለሁ።»

ክሌብ ፉልቸር ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ኦዜላ ከኋላ ወንበር፣ ነገሩ ገና ሳይገባት፣ «ጎበዝ ልጄ» ስትል ተሰማ። ዶሪስ ከዚያች ቃል ይልቅ በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር።

ዳኛው ተነሥቶ ቢሮው ገባ፤ በሩን አልዘጋውም። ኦስቲን ሲደውል፣ ለጠቅላዩ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የክሱን ቁጥር ሲነግር፣ ሲጠብቅ፣ «እስኪ ድገሚልኝ እመቤቴ» ሲል ሁሉም ሰማ። ሲመለስ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«የታተመው ልክ ነው። ኅዳጉ ጎዶሎ ነው» አለ። «ነን አያስገድደኝም። ነን ላይ የቆሙትም ዘጠኙ ከሱ ጋር ወድቀዋል። የጠቅላዩ የራሱ የቆዩ ውሳኔዎች የመመለስ ሐሳብ ነበራት ወይ ብላችሁ ጠይቁ ነው የሚሉት፤ የዚህች ሴት ሐሳብ ደግሞ ዶሮዎቿ ጭምር የሚያውቁት ነው። ሚስስ ብራንትሊ ቤታቸው ይኖራሉ።»

የእንጀራ ልጆቹ በሩን አላትመው ወጡ። ዳኛው ግን አልጨረሰም። መነጽሩን አውልቆ በጣቱ ያሻሸው ጀመር።

«ፒካርድ የኔ ደንበኛ ነበረች» አለ። «ያኔ ጠበቃ ነበርኩ። በይግባኝም ተሸነፍንና፣ ኦስቲን እንሂድ አለችኝ። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ መጽሐፍ ቤት ወጣሁ፣ ይሄን ኅዳግ አየሁ፣ ወረድኩና ተስፋ የለውም አልኳት። ስሱ መጽሐፍ ከራሴ በላይ ነበር። እጄን አላነሣሁም።»

ያን ጊዜ ነው ለኦዜላ የገባት። ከወንበሯ ቀስ ብላ ተነሣች።

«የዩናም ፍርድ ስህተት ነበር?»

ወደ ዶሪስ ዞረች።

«ዶሪስ። የዩናም በዚህችው ነው?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ይመለስላታ!»

«አይመለስም። ሃያ ዓመት ሆነው፣ ፍርዱ ተዘግቷል። ቤቱም ፈርሷል።»

«አውቃለሁ መፍረሱን!» አለች ኦዜላ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «መኖ መሸጫ ሆኗል፤ በደጁ ባለፍን ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች።» ከዚያ ዶሪስን ክንዷን ያዘቻት፤ አልጠበቀችባትም፣ አልለቀቀቻትም። «ቤቴን አትርፈሽልኛል፤ እግዜር ይስጥሽ። ይሄን ግን እኔ አልነግራትም። አንቺ ትነግሪያታለሽ።»

መኪናው አደባባዩ ላይ ከዛፍ ሥር ቆሟል። ዩና ፒካርድ መስኮቱን ከፍታ በካርቶን ታራግባለች። ሰማንያ ሊሆናት ጥቂት የቀራት፣ አጥንትና ቆዳ የሆነች ሴት ናት።

«ምን አሉ?» አለች ገና ከሩቅ።

«እህትዎ ረትተዋል።»

«ተመስገን! እንግዲህ አላፊ አግዳሚው ሊያየኝ ነው፣ ላለቅስ ነው» አለችና ሳቀች። ከዚያ የዶሪስን ፊት አየች። «አንቺ ምን ሆነሻል?»

ዶሪስ ነገረቻት። አላሳጠረችም፣ አላሳመረችም። ቀዩን ቀለም፣ ነጥቡን፣ የራሷን እጅ፣ ዳኛው ያልዘረጋውን እጅ፣ ሁሉን ነገረቻት። ዩና ማራገቡን አቆመች።

«ሐኪሙን ረግሜዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ምን አሉኝ?»

«ያዳነኝን ሐኪም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ምነው ሆስፒታል ባልሄድኩ፣ እዚያው አልጋዬ ላይ እያሳለኝ ብሞት እያልኩ ኖርኩ። ዳኛ ነው የነገረኝ፤ ትተሻል ብሎ። የተማረው ሰው ካለኝ እንግዲህ ትቼዋለሁ ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት። በራሴ ፈረድኩ።» እጇን በመስኮቱ አውጥታ የዶሪስን አንጓ ጨበጠች፤ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። «ቤቴን ትቼ ነበር ወይስ አልተውኩም?»

«አልተዉም ነበር፣ ሚስስ ፒካርድ።»

«ጮክ በይ።»

አደባባዩ ላይ ሰው ቆሞ ያያል። ክሌብ ፉልቸር ደረጃው ላይ ነው፣ ዳኛው መስኮት ላይ።

«ቤትዎን አልተዉም ነበር!» አለች ዶሪስ፣ እያለቀሰች።

«እንደገና በይልኝ» አለች ዩና።