ዶክተሯ እንዳታየው

ወንድሜ ዳርሲ ሐኪም ቤት የመጣው የክሪኬት ተጫዋቾች ፀሐይ እንዳያቃጥላቸው የሚለቀለቁትን ነጭ ቅባት ፊቱ ላይ ለስኖ ነው። ሐምሌ ነው። ባላራት ከተማችን ላይ ከሰኞ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም።

«ፀሐዩ ከረረብህ?» አልኩት።

«ዞር በይ፣ ማርጎ! ዶክተሯ ፊቴ መቅላቱን ካየች መርፌውን ታቆምብኛለች።»

ሲወለድ ሴት ናት ብለውት ነበር፤ የወንድ ሆርሞን የሆነውን ቴስቶስትሮን መወጋት ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጢሙ አምሮበታል፣ ድምፁ ጎርንኗል። በዚያው ልክ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ጓደኞቹ «ወንድነት እንዲህ ነው፣ ቻለው» ይሉታል። ሊቃውንት! ከእነሱ የሚብሰው የቀድሞ ሐኪሙ ነው። ዳርሲ አምና ኳስ ሲጫወት ጣቱ ቢሰበር፣ «ከሆርሞኑ ይሆናል» ብሎ መርፌውን አቋረጠበት። ጣቱ ዳነ፤ የወር አበባው ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ለሐኪም እውነት ተናግሮ አያውቅም። ማን ይፈርድበታል? እኔ። የምቀብረው እኔ ነኝና።

ተራችን ደርሶ ስንገባ አዲሷ ሐኪሙ ዶክተር ሌኦታ ቀና ብላ አየችው። «ከሜዳ ነው የመጣኸው?»

«አዎ» አለ፣ ከጃኬቱ ውሃ እየተንጠባጠበ።

«ማን አሸነፈ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷ ግን ቀጠለች። «የምርመራህ ውጤት ደርሶኛል፤ ደምህ ወፍሯል። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ሲጋራህ ደግሞ ያብሰዋል። መርፌውን እናራርቀዋለን፣ ሲጋራውን ትተዋለህ።»

«አያቆሙብኝም?»

«ማን አቁሚ አለኝ? መጠኑን ነው የማስተካክለው።»

አፉ ያኔ ተከፈተ። ማንኮራፋቱ፣ ራስ ምታቱ፣ ሁሉም ተዘረገፈ። «ግራ ባቴም ካበጠ ሰነበተ። ከትናንት ጀምሮ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ይሄ እንኳን ምንም አይደል።»

የዶክተሯ ፈገግታ ጠፋ። ባቱን ነካ ስታደርገው ጮኸ። «ደም ረግቶ ይሆናል» አለች ስልኩን እያነሳች፤ «ወደ ሳንባህም ሄዶ ሊሆን ይችላል።»

አምቡላንሱ ውስጥ ኦክስጅን አድርገውለት ሳለ እጄን ጎተተ። «ማርጎ፣ ሆስፒታል ያሉት ያቆሙብኛል እንዴ? ስለ መርፌው ባንነግራቸውስ?»

ሰውዬው እየሞተ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈራው ሐኪሞቹን ነው! ያንን የጣት ሊቅ በዚያች ቅጽበት ባገኘው፣ አሥሩንም ጣቶቹን እሰብርለት ነበር።

«ከዋሸህ እኔው እገድልሃለሁ» አልኩት።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ እሱ ጎንበስ አለ። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

ዳርሲ አየኝ። ከዚያ የኦክስጅን ጭምብሉን ከአፉ ላይ ገፋ አደረገ።

«ቴስቶስትሮን» አለ። «ሲጋራም አጨሳለሁ። የግድ መንጠቅ ካለባችሁ ሲጋራውን ውሰዱ።»